ከመቶ ስንት ጊዜ?

አባቴ ከሞተ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። ከመገናኛ ታክሲ ተሳፍሬ ኦሎምፒያ መውረድ ነበረብኝ። ረዳቱ «መጨረሻ!» ሲል ቀና አልኩ፤ ሜክሲኮ ነኝ። እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ዐይኔ ክፍት ነበር። እጄ ውስጥ የሒሳብ መልስ ይዣለሁ፤ መቼ እንደከፈልኩ ግን አላውቅም። መንገዱ ከጭንቅላቴ ውስጥ ተቆርጦ የወጣ ያህል ባዶ ነበር።

ያን ሌሊት ሁላችንም የምናደርገውን አደረግኩ፤ ስልኬን ከፍቼ መፈለግ ጀመርኩ። ባለ 28 ጥያቄ መጠይቅ አገኘሁና ሞላሁት። ውጤቴ 34 መጣ። ከሥሩ ደግሞ ከ30 በላይ ያገኘ ሰው ከባድ የአእምሮ ሕመም ሊኖርበት እንደሚችል ይናገራል። እስኪነጋ ጣሪያ ሳይ አደርኩ።

ፍርሃቱ ትንሽ ሲበርድልኝ አንድ ነገር ከነከነኝ። ይህን 30 የሚባል ቁጥር ማን ነው ያስቀመጠው? መቼ? ለምን? ያገኘሁትን ልንገራችሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ከፈረንሳይ ይጀምራል። ፒየር ዣኔ ለ ሃቭር በምትባል የወደብ ከተማ የፍልስፍና መምህር ነበር። ከማስተማሩ ጎን ለጎን ሕመምተኞችን ያይ ነበር፤ በ1889 ያሳተመው ጥናትም ከዚያ የተወለደ ነው። ሐሳቡን በእኔ አነጋገር ላስቀምጠው። ትዝታችን፣ ስሜታችንና ድርጊታችን በደህናው ጊዜ እንደ ገመድ አንድ ላይ የተገመዱ ናቸው። ከአቅም በላይ የሆነ ድንጋጤ ሲደርስ ገመዱ ይላላና አንዱ ክር ለብቻው መሥራት ይጀምራል። ሰውዬው ይራመዳል፣ ያወራል፣ ሒሳብ ይከፍላል፤ ያን ሁሉ ያደረገው እሱ ራሱ መሆኑን ግን አያስታውስም። ዛሬ ባለሙያዎች ዲሶሲዬሽን የሚሉት ይህንኑ ነው።

ዣኔ መለኪያ አልነበረውም። የነበረው ጊዜና ማስታወሻ ደብተር ነው። ጥቂት ሰዎችን ለረዥም ጊዜ እያየ ይጽፋል። እሱ እንደሚያምነው ይህ ነገር የሚታየው በታመመ ሰው ላይ ነው። ሌሎች የዘመኑ ሰዎች ግን «የለም፣ ሁላችንም ዘንድ በመጠኑ አለ፤ ልዩነቱ የማነስና የመብዛት ነው» ይሉ ነበር። ይህቺን ክርክር ያዟት፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ተመልሳ ትመጣለች።

ከዚያ የፍሮይድ ዝና ገነነና ዣኔ ተረሳ። በ1947 ሲሞት ስሙን የሚያነሳ ብዙ ሰው አልነበረም። በ1970 ሄንሪ ኤለንበርገር የሚባል የሥነ አእምሮ ሐኪምና ታሪክ ጸሐፊ ትልቅ መጽሐፍ ጽፎ ከአቧራው ውስጥ አወጣው። ጊዜው ደግሞ ከቬትናም የተመለሱ ወታደሮች፣ እንዲሁም በልጅነታቸው የተጎዱ ሰዎች «የደረሰብንን ስሙን» የሚሉበት ነበር። በ1980 የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያውን ሦስተኛ እትም ሲያወጣ፣ የዲሶሲዬሽን ሕመሞች የራሳቸው ክፍል ተከፈተላቸው።

ክፍል ከተከፈተ ደግሞ ቁጥር መፈለጉ አይቀርም። ስንት ሰው አለበት? የማን ይብሳል? ሕክምናው ቀንሶለታል ወይስ አልቀነሰለትም? በ1986 ኢቭ በርንስታይን (በኋላ ካርልሰን ተብላ የምትታወቀው) እና ፍራንክ ፑትናም አንድ መጠይቅ አሳተሙ። ሕመሙ ያለባቸው ሰዎች የተናገሩትን ሰብስበው፣ ባለሙያዎችን አማክረው 28 ጥያቄ አወጡ። ጥያቄዎቹ ከቀላሉ እስከ ከባዱ ይሄዳሉ። መንገድ ላይ ሆኖ መንገዱን አለማስታወስ አለበት፤ መስታወት አይቶ ራስን አለማወቅም አለበት። ለእያንዳንዱ ጥያቄ የ100 ሚሊ ሜትር መስመር ተሰምሯል። መላሹ «ይህ ያህል ይደርስብኛል» በሚልበት ቦታ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ከዚያ በማስመሪያ ይለካል። ልብ በሉ፣ ዣኔ በደብተር የሞላው ነገር እዚህ ላይ ሚሊ ሜትር ሆነ! በ1993 መስመሩ ቀረና ከ0 እስከ 100 በአሥር በአሥር የሚሄዱ ቁጥሮች ተተኩ። ውጤቱ የ28ቱ መልስ አማካይ ነው። የእኔ 34 የተወለደው በዚህ መንገድ ነው።

የመጀመሪያው ጥናት ውጤት አስገራሚ ነበር። የጤነኛ አዋቂዎች መካከለኛ ውጤት 4 ገደማ ሲሆን፣ የወጣቶቹ 14 አካባቢ ደረሰ። በከባድ አደጋ ወይም ጦርነት የተነሳ ጭንቀት የያዛቸው ሰዎች 31 ገደማ ሲያገኙ፣ ያኔ «ብዙ ስብዕና» የሚባለው ሕመም ያለባቸው 57 ገደማ አገኙ። ቁጥሩ በእርግጥ የሆነ ነገር እያየ ነበር። ለዘመናት «ታስመስላለች»፣ «ልታይ ባይ ናት» ሲባሉ ለኖሩ ሕመምተኞች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መታመንን በቁጥር አገኙ።

ታዲያ 30ስ? 30 የፍርድ ቁጥር ሆኖ አያውቅም። «ይህን ሰው ቁጭ ብለህ አነጋግረው» የሚል ምልክት ነው። በ1993 በብዙ የሕክምና ማዕከላት የተሠራ ጥናት ያወጣው ስሌት አለ። የሥነ አእምሮ ሕክምና ከሚከታተሉ ሰዎች መካከል ከ30 በታች ካገኙት 99 በመቶው ያ ከባድ ሕመም የለባቸውም። ከ30 በላይ ካገኙት ውስጥስ? በእርግጥ ሕመሙ ያለባቸው 17 በመቶው ብቻ ናቸው። ከመቶ 83ቱ የሉበትም ማለት ነው። መጠይቁ «የለብህም» ሲል ይታመናል፤ «አለብህ» ለማለት ግን አልተሠራም። ያን ሌሊት ይህቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር የሚነግረኝ ባገኝ እንቅልፌን እተኛ ነበር።

ክርክሯስ? መጠይቁ የተሠራው «ልዩነቱ የማነስና የመብዛት ነው» በሚለው ሐሳብ ላይ ነው። በ1995 ፈላስፋው ኢያን ሃኪንግ ይህን ነቀፈ። መለኪያው ራሱ የተሠራው ሁሉም ሰው በአንድ መስመር ላይ እንዲቀመጥ ሆኖ ሳለ፣ መስመሩን እንደ አዲስ ግኝት መቁጠር አይሆንም ባይ ነው። በዓመቱ ፑትናምና ካርልሰን ራሳቸው፣ ኒልስ ዎለር ከሚባል ተመራማሪ ጋር ሆነው፣ ከ28ቱ ጥያቄዎች 8ቱን ለይተው አወጡ። እነዚህ 8ቱ የሚያመለክቱት በመጠን ሳይሆን በዓይነቱ የተለየ ነገር ነው አሉ። ሐሳብ ጭልጥ አድርጎ መውሰዱ ሌላ፣ ወዳጅ ዘመድን አይቶ አለማወቅ ሌላ። ሽማግሌው ዣኔ ከመቃብሩ ሳይስቅ አልቀረም።

እኔን ግን ይበልጥ የያዘኝ መጠይቁ የማይጠይቀው ነገር ነው። «ስንት ጊዜ?» ይላል እንጂ «ከመቼ ጀምሮ?» አይልም። «አስጨንቆሻል ወይ?» አይልም። «የት ሆነሽ?» አይልም። በ1994 የወጣው የአሜሪካኖቹ መመሪያ «ዛር»ን ከነስሙ በባህል ነክ ሁኔታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል፤ ኢትዮጵያንም ይጠቅሳል፤ በአካባቢው እንደ ሕመም እንደማይቆጠርም ይገልጻል። ቡና ተፈልቶ፣ ከበሮ ተመትቶ፣ ሰው ከብቦ ሳለ ራስን መልቀቅና ብቻን ክፍል ውስጥ ራስን ማጣት በመጠይቁ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ሊያመጡ ይችላሉ። ቁጥሩ ከበሮውን አይሰማም።

በመጨረሻ አንዲት ባለሙያ ጋ ሄድኩ። ስልኬን አሳየኋት። ቁጥሩን አየችና ወደ ጎን አደረገችው። ከዚያ ከፍ አድርጌ የሞላኋቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እያነሳች «ይህኛው መቼ ጀመረሽ?» ትለኝ ገባች። የመጀመሪያው፣ ከሁለት ወር ወዲህ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። አራተኛው ላይ ስደርስ ማልቀስ ጀመርኩ። እሷም አላቋረጠችኝም። መለኪያውን ያየሁት ያኔ በትክክለኛ ቦታው ነበር፤ ወሬ መጀመሪያ ሆኖ።

ለአክስቴ ነገሩን ሳወራላት ስለ ፈረንሳዊውም ስለ ማስመሪያውም በትዕግሥት ሰማችኝ። «እና ይህን ሁሉ ያነበብሽው ቀልብሽን አባትሽ ይዞት እንደሄደ ለማወቅ ነው?» አለችኝ። «ይመለሳል ልጄ። እስኪመለስ ብቻሽን አትሁኚ።» ቀልብ! ከ28ቱ ጥያቄዎች ውስጥ ለዚህ ቃል የሚሆን ቦታ ፈልጌ አጣሁ። ለእሷ ግን ከመቶ ስንት ብሎ መጠየቅ አላስፈለጋትም።

አሁንም አንዳንዴ ያመልጠኛል። ታክሲ ውስጥ ስገባ ሒሳብ ቀድሜ እከፍልና ረዳቱን «ኦሎምፒያ ስንደርስ ጥራኝ፣ እሺ?» ብዬ እነግረዋለሁ። እስካሁን ረስቶኝ ያለፈ የለም።