«ፍሬ» ሲባል ምን ማለት ነው?

በኮልፌ ቀራኒዮ ገበያ ብርቱካንና ሙዙ «ፍራፍሬ» ይባላል፤ «ፍሬ» ግን ከዚያ ይሰፋል። ቡናውም ፍሬ አለው፣ በርበሬውም። ለጋውን ልጅ «አንድ ፍሬ ልጅ» እንላለን። የንግግር ዋናው ሐሳብ «ፍሬ ነገር»፣ ከንቱው ወሬ ደግሞ «ፍሬ ከርስኪ» ነው።

መጽሐፍ ቅዱስም ቃሉን በብዙ መንገድ ይጠቀምበታል። በመዝሙር 127፥3 የማሕፀን ፍሬ ልጆች ናቸው፤ በዕብራውያን 13፥15 የከንፈር ፍሬ ምስጋና ነው። በሮሜ 15፥28 ግን (ብዙዎቻችን ሳናስተውል እናልፈዋለን) ፍሬ የተባለው ለኢየሩሳሌም ድሆች የተዋጣው ገንዘብ ነው።

በገላትያ 5፥22 ቃሉ በግሪክኛውም በአማርኛውም ነጠላ ነው። «ዘጠኙ የመንፈስ ፍሬዎች» ማለት ልማድ ሆነብን እንጂ ጳውሎስ ከፍቅር እስከ ራስን መግዛት ያለውን ሁሉ አንድ ፍሬ ብሎታል። ስለዚህ «ትዕግሥት ለእኔ አልተሰጠኝም» ማለት አያስኬድም፤ ለአንዱ ይህ ለሌላው ያ የሚባለው በ1ኛ ቆሮንቶስ 12 ስለ ጸጋ ስጦታዎች ነው።

ታዲያ ስለ አንድ አገልጋይ «ፍሬ የለውም» ስትል የትኛውን ፍሬ ማለትህ ነው? የአባላቱን ቁጥር ወይስ ተአምራቱን? በማቴዎስ 7 ጌታ ዛፍ ከፍሬው እንደሚታወቅ ካስተማረ በኋላ፣ ትንቢታቸውንና ተአምራታቸውን የሚቆጥሩለትን ሰዎች እንደማያውቃቸው ይነግራቸዋል።