ከለንደን ቆዳ እስከ ሶማሌ ተራ ጎሚኒ

አፈር የጫነ ባኬቱን ከፍ አድርጎ የቆመ የትራክተር ሎደር፣ ማንም ሳይነካው ክንዱ ቀስ እያለ ቢወርድ ምን ነክቶት ነው? ዘንጉ ከሲሊንደሩ በሚወጣበት አፍ ዘይት ከተንጠባጠበ፣ እዚያ ያለው ጎሚኒ (ዘይት የሚያግደው ላስቲክ) አልቋል። ውጪው ደረቅ ሆኖ ከወረደ ግን ወይ የፒስተኑ ጎሚኒ፣ ወይ ዘይቱን የሚቆጣጠረው ቫልቭ ውስጥ ለውስጥ እያሳለፈ ነው። ታዲያ ለማየት ብላችሁ ከክንዱ ሥር እንዳትገቡ!

ጣጣው ከማሽኑ እኩል ያረጀ ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማህ እ.ኤ.አ. በ1795 የሃይድሮሊክ መጭመቂያውን የፈጠራ መብት ሲያስመዘግብ፣ ትልቁ ፈተና ውሃው በፒስተኑ ዳር እንዳያመልጥ ማድረግ ነበር። መፍትሔው ጠርዙ እንደ ከንፈር የታጠፈ ቆዳ ሆነ፤ ብዙዎች ሐሳቡን አብሮት ይሠራ ለነበረው ለሄንሪ ሞድስሌይ ይሰጡታል። ግፊቱ በጨመረ ቁጥር ከንፈሩ ይበልጥ ይጣበቃል። ሊያመልጥ የሚታገለው ፈሳሽ ራሱ በሩን ይዘጋዋል ማለት ነው!

መርካቶ ውስጥ ሶማሌ ተራ የሚሸጠው ጎሚኒ የዚያ ቆዳ የልጅ ልጅ ነው። («መርካቶ»ም «ጎሚኒ»ም ከጣሊያንኛ የቀሩልን ቃላት ናቸው።) ግን አሮጌውን አሳይቶ «የዚህን ዓይነት ስጠኝ» ማለት ያሳስታል፤ ያለቀ ጎሚኒ ልኩን ስቷል። መለካት ያለበት ዘንጉና የጎሚኒው መቀመጫ ነው። ዘንጉ ላይ በጥፍር የሚዳሰስ ጭረት ካለ ደግሞ አዲሱንም በልቶ ይጨርሰዋል።