የማን ታቦት ነው?

አክስቴ ሜልበርን፣ ፉትስክሬይ ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት አላት። እ.ኤ.አ. በ2015 መስከረም መጨረሻ ላይ «ዓርብ እኮ በዓል ነው» ስላት፣ ሽንኩርቱን እያማሰለች ዞር አለችና «የማን ታቦት ነው?» አለችኝ።

የኳስ ነው አልኳት። በትክክል ለመናገር ደግሞ የኳሱ ቀንም አይደለም። የአውስትራሊያ እግር ኳስ፣ እነሱ «ፉቲ» የሚሉት፣ የፍጻሜ ጨዋታው ቅዳሜ ነው። ዓርብ ዋዜማው ነው።

«ገሃድ አለው በለኛ!» ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን ብዙ አልቆየም። ዓርብ ለእሷ የሳምንቱ ትልቁ ቀን ነው፤ ጾም ነው፣ ሰው በያይነቱ ፍለጋ ይመጣል። በበዓል ቀን ከከፈተች ደግሞ ለሁለቱ ሠራተኞቿ የምትከፍለው ከመደበኛው እጥፍ በላይ ነው። ሊጡ ተቦክቷል። ሂሳቡን በወረቀት ሠራንና ዘጋች። እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ፣ ሌላ ቦታ በትርፍ ሰዓት እሠራ ስለነበር ያን ዓርብ ጥሩ ብር አገኘሁ። አንድ ቤት ውስጥ አንዱ ሲያተርፍ አንዱ ከሰረ ማለት ነው። እና ጥያቄዋ እውነተኛ ጥያቄ ሆነ፦ ማነው ይሄን የወሰነው? ሲወስንስ ሂሳቡን ሠርቶ ነበር?

ሠርተው ነበር። ያስገረመኝም እሱ ነው። የቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ሌበር ፓርቲ፣ በዳንኤል አንድሩስ እየተመራ፣ ከ2014 ምርጫ በፊት ቃል ገባ፤ አሸነፈ። በክፍለ ግዛቱ ሕግ ግን እንዲህ ያለ ሸክም የሚያመጣ ድንጋጌ ከመጽደቁ በፊት አብዛኛውን ጊዜ የተጽዕኖ ጥናት ታትሞ ለሕዝብ አስተያየት መቅረብ አለበት። ጥናቱን የሠራው ፕራይስ ወተርሃውስ ኩፐርስ ነው። በዓሉ በሥራ መቆም ብቻ በዓመት እስከ 898 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ሊያሳጣ እንደሚችል ጻፈ። መንግሥት ይህን ወረቀት በራሱ እጅ አውጥቶ፣ አስተያየት ሰብስቦ፣ ከዚያ በዓሉን አወጀ። የመጀመሪያው ዓርብ ጥቅምት 2 ቀን 2015 ዋለ። ቅዳሜ ሆውቶርን ዌስት ኮስትን በ46 ነጥብ ረታ።

እዚህ ላይ አንባቢ «ታዲያ ማሳተሙ ምን ጠቀመ?» ሊል ይችላል። እኔም ብዬ ነበር። ግን አክስቴ ቁጥሩን ሳነብላት ለመጀመሪያ ጊዜ የምትከራከርበት ነገር አገኘች። የጎደላትን ገንዘብ እሷ ብቻ እንዳልፈጠረችው አየች።

ደግሞ ታሪኩ በ2016 ተገለበጠ። ዌስተርን ቡልዶግስ፣ ማለትም የድሮው ፉትስክሬይ፣ የሰፈራችን ቡድን፣ ከ1954 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋንጫ በላ። ስድሳ ሁለት ዓመት! በዚያ ዓርብ አክስቴ ከፈተች። ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ሻርፕ የጠቀለሉ ሽማግሌዎች ሽሮ ሲያዝዙ አይቻለሁ። ይሄኛው 898 ሚሊዮኑ ውስጥ የት እንደሚገባ አላውቅም፤ እሷም ስለ ጥናቱ ዳግም አላነሳችም።

የአውስትራሊያ መሪዎች ግን ሁልጊዜ በወረቀት አልሄዱም። መስከረም 1983 «አውስትራሊያ 2» የተባለችው ጀልባ የአሜሪካን ዋንጫን ስታሸንፍ፣ አሜሪካኖች 132 ዓመት ይዘውት ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ቦብ ሆክ ፐርዝ ውስጥ ሻምፓኝ በሚረጭበት መሀል ቆመው፣ ዛሬ ሥራ ያልመጣን ሠራተኛ የሚያባርር አለቃ የማይረባ ነው አሉ። በሕግ የታወጀ በዓል አልነበረም፤ የአፍ ምርቃት ነበር። የፌዴራሉ የመረጃ ነፃነት ሕግ ሥራ ከጀመረ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር፤ ግን ምን ተብሎ ይጠየቃል? ሳቅ ፋይል የለውም።

አርባ ዓመት ቆይቶ ነሐሴ 2023 ላይ ነገሩ ተመለሰ። የሴቶቹ ቡድን ማቲልዳስ ብሪስበን ላይ ፈረንሳይን በፍጹም ቅጣት ምት 7 ለ 6 አሸነፈ። ጠቅላይ ሚኒስትር አልባኒዚ ዋንጫውን ካገኙ በዓል ይሁን የሚለውን ሐሳብ ለብሔራዊ ካቢኔ እንደሚያቀርቡ ተናገሩ፤ የኒው ሳውዝ ዌልሱ ክሪስ ሚንስም ለክፍለ ግዛታቸው ቃል ገቡ። ነሐሴ 16 ቀን መሪዎቹ ተሰበሰቡ፣ በዚያው ምሽት እንግሊዝ 3 ለ 1 አሸነፈችን፤ ወሬውም እዚያው ሞተ።

የበዓል ሐሳብ ሲሞት ወረቀቱ የት ይሄዳል? እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። የካቢኔ ሰነድ ከመረጃ ነፃነት ሕጉ ውጭ ነው። «ብሔራዊ ካቢኔ» ግን ስሙ ካቢኔ ቢሆንም ጠቅላይ ሚኒስትሩንና የክፍለ ግዛት መሪዎችን የያዘ ስብሰባ ነው። በ2021 ሴናተር ሬክስ ፓትሪክ ባቀረቡት ክርክር ዳኛ ሪቻርድ ዋይት ይህ አካል የፌዴራሉ ካቢኔ ኮሚቴ አይደለም ብለው ወስነዋል። ስለዚህ በር ተከፈተ ማለት ነው? በከፊል። በፌዴራሉና በክፍለ ግዛቶች መካከል ያለውን ግንኙነት የሚጎዳ፣ ወይም ገና በምክክር ላይ የነበረ ሐሳብ የሚሉ ሌሎች መከልከያዎች አሉ። ልዩነታቸው፣ እነዚህ በሕዝብ ጥቅም ሚዛን ላይ መቀመጥ አለባቸው፤ ባለሥልጣኑ ለምን እንደከለከለ መጻፍ ይገደዳል።

እኔም አንድ ምሽት የጥያቄ ረቂቅ ጻፍኩ። ወጪው ተሰልቶ ነበር ወይ? ቀኑ የትኛው ነበር? ትናንሽ ንግዶችን ማን አማከረ? ለአክስቴ በአማርኛ አነበብኩላት።

«መልሱ መቼ ይመጣል?» አለች።

«በሕጉ 30 ቀን ነው። ካቢኔ ነው ካሉና ከጸናላቸው ደግሞ ሃያ ዓመት ይቆለፋል፤ 2044 መጀመሪያ።»

ክዳኑን ከፍታ ቡኮውን አየችና መልሳ ከደነችው። «ላከዋ» አለች፣ «ይኮመጥጥብሃል።»