«ሉፕ መካን ያደርጋል?» ስጋቱ ከየት መጣ



ሆርሞን ስላለው ሉፕ ስንመካከር ከብዙ እህቶች የሚመጣው ጥያቄ «ዶክተር፣ መካን ያደርጋል ይባላል፤ እውነት ነው?» የሚል ነው። የሚናቅ ጥያቄ አይደለም። ሴቶችን በእውነት የጎዳ ሉፕ ነበር። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1920ዎቹ ጀርመናዊው ሐኪም ኧርነስት ግሬፈንበርግ ከሐር ክርና ከብር የተሠራ ቀለበት ማህፀን ውስጥ ያስቀምጥ ነበር። «ሉፕ» የተባለው ግን አሜሪካዊው ዶክተር ጃክ ሊፕስ በ1962 ያስተዋወቀው የተጠማዘዘ ፕላስቲክ ነው። የዛሬው የ«ቲ» ፊደል ቅርጽ ቢኖረውም ስሙ አልለቀቀውም።

ችግሩ የመጣው በ1971 ነው። ዳልኮን ሺልድ የሚባል ሉፕ አሜሪካ ውስጥ በሰፊው መሸጥ ጀመረ። ከፈጠሩት አንዱ የሆነው ዶክተር ሂዩ ዴቪስ በጣም አስተማማኝ ነው ብሎ ጥናት ጽፎ ነበር፤ ከሽያጩ ጥቅም እንዳለው ግን አልገለጸም። ሳይታለፍ የሚቀር ነገር አይደለም!

ጥፋቱ ያለው ክሩ ላይ ነበር። የማንኛውም ሉፕ ክር በማህፀን በር በኩል ወደ ታች ይወርዳል፤ ሉፑ በቦታው መኖሩ የሚታወቀውና የሚወጣው በእሱ ነው። የዳልኮን ሺልድ ክር ግን በስስ ሽፋን የተጠቀለሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቀጫጭን ክሮች ነበሩ። የመብራት ክር ጋዝ ወደ ላይ እንደሚስብ ሁሉ፣ ይህም ባክቴሪያ ወደ ማህፀን የሚወጣበት መንገድ ሆነ። ሉፑ እያለ ያረገዙ ሴቶች በከባድ ኢንፌክሽን ሞቱ፤ ሌሎች ቱቧቸው ተጎድቶ መውለድ አልቻሉም። በ1974 አሜሪካ ውስጥ ሽያጩ ቆመ፤ ከ300 ሺህ በላይ የካሳ ጥያቄ ቀረበ፤ ድርጅቱም በ1985 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ሉፑ ከገበያ ቢጠፋም ፍርሃቱ ግን ቀረ።

ዛሬ የሚገቡት ሉፖች ክር እንዲህ የተሠራ አይደለም፤ እያንዳንዱ ክር ባክቴሪያ የሚሳብበት ክፍተት የሌለው አንድ ወጥ ነው።

ሆርሞን ያለው ሉፕ ታሪኩ ሌላ ነው። የመጀመሪያው በ1976 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፤ ሆርሞኑ ቶሎ ስለሚያልቅ በየዓመቱ መቀየር ነበረበት። የፊንላንዱ ታፓኒ ሉካይነንና ባልደረቦቹ ሌቮኖርጀስትሬል የተባለውን ሆርሞን ተጠቅመው ለዓመታት የሚቆይ ሠሩ፤ በ1990 ፊንላንድ ውስጥ ለአገልግሎት ዋለ። 52 ሚሊግራም የያዘው ዓይነት ዛሬ እስከ 8 ዓመት እርግዝና እንዲከላከል ተፈቅዷል።

ሆርሞኑ የማህፀን በርን ፈሳሽ ያወፍራል፣ የማህፀንን ውስጠኛ ግድግዳ ደግሞ ያሳሳል። ስለዚህ የወር አበባ ይቀንሳል፣ በአንዳንድ ሴቶች ጨርሶ ይቆማል። «ታዲያ ደሙ የት ይጠራቀማል?» ትሉኛላችሁ። የትም አይጠራቀምም፤ የሚፈስ ግድግዳ ስላልተሠራ ነው። የመዳብ ሉፕ በተቃራኒው ደም ሊያበዛ ይችላል፤ የወር አበባዋ ከባድ የሆነ ሴት ይህን ልዩነት ሳታውቅ መምረጥ የለባትም።

ሐኪማችሁ ጋ ስትሄዱ ያልተለመደ ፈሳሽ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም፣ የጡት ካንሰር ታሪክ ካላችሁ ወይም እርግዝና ከጠረጠራችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። የኢንፌክሽን አደጋው በትንሹ የሚጨምረው ከገባ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ነው፤ በተለይ ቀድሞ ያልታከመ የአባላዘር በሽታ ካለ። ለዚህ ነው ምርመራው የሚቀድመው። ስለ ሕመም ማስታገሻም ጠይቁ፤ ማፈር የለም። ሉፑ ከወጣ በኋላ የመውለድ አቅም ይመለሳል።

ከገባ በኋላ ትኩሳት፣ እየጨመረ የሚሄድ የሆድ ሕመም ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካያችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ። እርግዝና ከጠረጠራችሁም እንዲሁ፤ ከማህፀን ውጪ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን መታየት አለበት።