ከጋፋት መድፍ እስከ ሞተር ቢሲክሌት
ስለ እጅ ጥበብ አወራረስ የቀረበ ታሪካዊ ጽሑፍ

በሞተር የሚሄድ መንኮራኩር በኢትዮጵያ መቼ ታየ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ብዙ ሰው መልሱን ከአዲስ አበባ ይጀምራል። እውነትም ነው፤ ቤንትሌ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. አንድ አውቶሞቢል ከባሕር ዳርቻ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ነድቶ ለዳግማዊ ምኒልክ አሳይቷል። ነገር ግን የደብረ ታቦር ልጅ የሆነ ሰው ታሪኩን ከራሱ ደጃፍ ቢጀምር ያምርበታል። ይህ አውቶሞቢል ከመግባቱ ከ40 ዓመት በፊት፣ ከከተማችን ጥቂት ራቅ ብላ በምትገኘው በጋፋት፣ ብረትና ናስ ቀልጦ፣ ጋሪ ተበጅቶ፣ መንኮራኩር ተንቀሳቅሷል። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም የጋፋት ጥበብ ስለ ምን ወራሽ አጣ? በዚያው ዘመን በሌላ አገር የተጀመረችው ትንሿ ቢሲክሌትስ ስለ ምን ዓለምን ሞላች? የሚለው ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ ከደፉ በኋላ፣ በስዊስ አገር ባዝል ከተማ አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና የሚስዮን ትምህርት ቤት የተላኩ ወጣቶች ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ከእነዚህም ውስጥ ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንዝሌን ይገኙባቸዋል። የመጡት ወንጌልን ለማስተማር ሲሆን በእጃቸውም ሙያ ነበራቸው። ንጉሠ ነገሥቱ በጋፋት አስፍረዋቸው መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው። እነርሱም አናውቅበትም ብለው ቢያመለክቱም ቃሉ የንጉሥ ቃል ነበረና ሞከሩ። ለእሳቱ ምድጃ፣ ለናሱ ቅርጽ፣ ለሁሉም መሣሪያ ሳይኖር ከመጀመሪያው መነሣት ነበረባቸው። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ እንደገና ሞከሩ፤ በመጨረሻም ተሳካላቸው። ሞሪትዝ ሆል የተባለው ፖላንዳዊና ቡርጎ የተባለው ፈረንሳዊ የጠመንጃ ሠራተኛም በዚህ ሥራ ስማቸው ይነሣል።

ከተሠሩት ሁሉ ትልቁ ሴባስቶፖል ይባላል። ስሙ በክሪሚያ ጦርነት ከታወቀችው ከተማ የተወሰደ ሲሆን ክብደቱ 7 ቶን ያህል ነው። ይህን የሚያህል ዕቃ በአጋሰስም በሰው ጫንቃም አይሄድምና ጋሪ ተበጀለት። ጋሪው ደግሞ መንገድ ይሻል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መስከረም ወር መጨረሻ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲጓዙ፣ በጋይንት በኩል እስከ ጂዳና እስከ በሽሎ ገደል ድረስ ድንጋዩ እየተፈለጠ፣ ጉድባው እየተደለደለ መንገድ ይወጣ ነበር። ራሳቸው ንጉሡም ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር በዚያ ዘመን የነበሩ ሰዎች መስክረዋል። በመቶ የሚቆጠር ሕዝብ በጠፍር እየጎተተ፣ በቁልቁለቱም ወደ ኋላ እየያዘ፣ ሴባስቶፖል መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ወር ነው። ጉዞው ስድስት ወር ሊሞላ ምንም ያህል አልቀረውም።

የፍጻሜውን ነገር ሁላችንም በታሪክ ትምህርት እናውቀዋለን። ሚያዝያ 3 ቀን በእሮጌ ውጊያ ሆነ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን ሠዉ። ያን ያህል የተደከመበት መድፍ የውጊያውን ውጤት አልለወጠውም። የጋፋት ሠራተኞችም ከናፒየር ጦር ጋር አገሩን ለቀው ወጡ። ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ይገኛል፤ ምስሉም በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። መድፉ ቀረ፤ መድፉን የሠራው ጥበብ ግን ከደጋችን ጠፋ።

ስለ ምን ጠፋ? ምክንያቱ ሦስት ይመስለናል። አንደኛ፣ ሥራው የቆመው በአንድ ሰው ፈቃድና በጥቂት እንግዶች እጅ ነበረ፤ ያ ሰው ሲሞትና እንግዶቹ ሲሄዱ አብሮ ቆመ። ሁለተኛ፣ በዚያ ዘመን ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ቆዳ የሚፍቀው፣ ሸክላ የሚሠራው ሰው ይሰደብ ነበርና፣ የጨዋ ልጅ ወደ ምድጃው ሊጠጋ አይወድም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ እስከ መከልከል መድረሳቸው ስድቡ ምን ያህል ሥር እንደ ነበረው ያሳያል። ሦስተኛ፣ 7 ቶን የሚመዝን መድፍ ድኻ በደጁ ሞክሮ የሚማርበት ዕቃ አይደለም። አባቶቻችን «ኀምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለኀምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ለዚህ ነው። በጋፋት ኀምሳውን ሎሚ አንድ ሰው ብቻውን ተሸከመው።

አሁን ደግሞ በዚያው ዘመን በአውሮጳ የሆነውን እንመልከት፤ የውጭ አገሩን ታሪክ ዓመት የምንቈጥረው በአውሮጳ አቆጣጠር ነው። በ1817 ድራይስ የተባለ ጀርመናዊ ሁለት መንኮራኩሮችን በአንድ እንጨት ላይ አሰልፎ፣ በላዩ ተቀምጦ መሬቱን በእግሩ እየገፋ ሄደ። ይህ ካሣ ኃይሉ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ በቋራ ከተወለዱበት ጊዜ ጋር ሊገጥም ጥቂት ብቻ ይቀረዋል። በ1860ዎቹ በፓሪስ ፔዳል በፊተኛው መንኮራኩር ላይ ተገጠመና የሚሾ ቢሲክሌት ተሸጠ። ይልቁንም የሚያስደንቀው ሴባስቶፖል በጋይንት ዳገት ሲጎተት በነበረበት ጊዜ ገደማ፣ በፈረንሳይ አገር ፔሮ፣ በአሜሪካ ደግሞ ሮፐር የተባሉ ሰዎች ትንሽ የእንፋሎት ሞተር በቢሲክሌት ላይ ለመግጠም ይደክሙ ነበር። እነርሱን ያዘዛቸው ንጉሥ አልነበረም። ዕቃቸው ትንሽ፣ ኪሳራቸውም ትንሽ ነበረ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በ1885 በእንግሊዝ አገር ስታርሌ በመጠን የሚቀራረቡ ሁለት መንኮራኩሮችና በኋላው ሰንሰለት ያላትን ቢሲክሌት ሠራ፤ ዛሬ የምንነዳት ቢሲክሌት የእርሷ ልጅ ናት። በዚያው ዓመት በጀርመን አገር ዳይምለርና ማይባሕ በእንጨት ቴላዮ ላይ የቤንዚን ሞተር ገጠሙ፤ ኃይሉ የአንድ ፈረስ ግማሽ ያህል ብቻ ነበር። በ1888 ደንሎፕ በነፋስ የሚነፋውን ጎማ አመጣ። በ1897 በፓሪስ የሚኖሩት የቬርነር ወንድማማቾች ሞተሩን ከፊተኛው መንኮራኩር በላይ ሰቀሉት፤ ክብደቱ ከፍ ብሎ ስለ ተቀመጠ ግን በእርጥብ መንገድ ላይ እየተንሸራተተ ጋላቢውን ይጥል ነበር። በ1901 ሞተሩን ዝቅ አድርገው ፔዳል በነበረበት ቦታ አስቀመጡት፤ ይህ ሥርዐት እስከ ዛሬ የሞተር ብስክሌት ሁሉ መሠረት ሆነ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ሄንዲና ሄድስትሮም «ኢንዲያን» የተባለውን ሠሩ፤ በ1903 ደግሞ ሃርሌና ዴቪድሰን የተባሉ ወጣቶች በሚልዎኪ ከተማ በአንዲት ትንሽ የእንጨት ቤት ሥራቸውን ጀመሩ። የመጀመሪያው ሞተራቸው ፔዳል ሳይረገጥ ዳገት መውጣት እንደ ተሳነው ይነገራል። የጉና ዳገት ለሚያስተምረን ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

የኢኮኖሚ ችግር በአሜሪካ በበረታበት በ1933፣ ሽዊን የተባለው የቺካጎ ፋብሪካ ወፍራም ጎማ ያላትን «ክሩዘር» የምትባለውን ቢሲክሌት ለልጆች አወጣ። ቀጥሎም ሞተር ብስክሌት ትምሰል ተብሎ ባዶ የቤንዚን ሳልባትዮ ተገጠመላት። ነገሩን ልብ በሉ፤ ሞተር ብስክሌት ከቢሲክሌት ተወለደ፤ ቢሲክሌትም ተመልሳ ልጇን መሰለች። በ1939 «ዊዘር» የሚባል በቢሲክሌት ላይ የሚታሰር ሞተር በአሜሪካ ተሸጠ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም በ1946 በኢጣልያ ኩቾሎ፣ በፈረንሳይ ቬሎሶሌክስ ሠራተኛውን ሕዝብ ወደ ሥራው አመላለሱት።

በአገራችንም የዚህ ታሪክ ምልክት በአፋችን ላይ አለ። ጎማ፣ ፍሬን፣ ካንዴላ፣ ካቴና፣ ፍሪሲዮን፣ ዳዶ፣ ቡሎን የምንላቸው ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ወጣ፤ የጋራዡ ሙያና ቃሉ ግን በኢትዮጵያውያን እጅ ቀረ። ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን በተደረገው ኦሊምፒክ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰለፍ፣ ከተወዳዳሪዎቿ መካከል ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ቢሲክሌተኞች ነበሩ። ዛሬም ሜዳማ በሆነችው በባሕር ዳር ቢሲክሌት የብዙ ሰው እግር ናት። በደብረ ታቦር ግን ዳገቱ ይበዛልና፣ ቢሲክሌት ያለው ተማሪ ግማሹን መንገድ እየገፋ ይሄዳል።

በዓለም ዙሪያ ብዙ ወጣቶች የእነዚያን የ1910ሮቹን የመጀመሪያ ሞተር ብስክሌቶች መልክ ከርካሽ ክሩዘር ይሠራሉ። አሠራሩ በአጭሩ የሚከተለው ነው። በቴላዮው መኻል ባለው ሦስት ማዕዘን ውስጥ ትንሽ ሞተር ይታሰራል። ከሞተሩ የሚወጣው ካቴና በኋለኛው መንኮራኩር ላይ በተጨመረ ጥርሳም ክብ ላይ ይዞራል። ሁለቱ ጥርሶች በአንድ መስመር ካልተሰለፉ ካቴናው ይዘላልና፣ ከሥራው ሁሉ ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ ነው። በመሪው ላይ የፍሪሲዮንና የነዳጅ እጀታዎች ይገባሉ። መሪው ወደ ታች ዘቅዘቅ ይላል፤ ሳልባትዮው ረዘም ብሎ ከላይኛው ብረት ሥር ይንጠለጠላል፤ መልኩም ያን ጊዜ የጥንቱን ይመስላል።

በትምህርት ቤት የተማርነው ሒሳብ እዚህ ላይ ሥራ ያገኛል። በተለመደው ዓይነት ሞተር ውስጥ 20 ጥርስ ያለው ማርሽ 82 ጥርስ ያለውን ያዞራል፤ ይህ 4.1 እጥፍ ነው። በውጭ ደግሞ 10 ጥርስ ያለው 44 ጥርስ ያለውን ያዞራል፤ ይህም 4.4 እጥፍ ነው። ሁለቱ ሲባዙ ሞተሩ 18 ጊዜ ሲዞር መንኮራኩሩ አንድ ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ሞተሩ በደቂቃ 4500 ጊዜ ቢዞር፣ መንኮራኩሩ 250 ጊዜ ይዞራል። የ26 ኢንች መንኮራኩር ዙሪያው 2.07 ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ ፍጥነቱ በሰዓት 31 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል።

ፊዚክሱ ግን ሁለት ነገር ያስጠነቅቃል። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። አየር ሲያንስ ሞተሩም ኃይሉን በዚያው ልክ ያጣል፤ ካርቡራቶሩም ቤንዚን እንዳያበዛ ቀዳዳው መጥበብ ይኖርበታል፤ ለዳገት እንዲያመችም የኋላው ጥርስ ይጨመራል። ሁለተኛው ከዚህ ይበልጣል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ለማቆም የሚያስፈልገው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ብዙ ርካሽ ክሩዘሮች ፔዳልን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚይዝ አንድ ፍሬን ብቻ አላቸው። ስለዚህ ብልህ ሠራተኛ ሞተሩን ከማሰሩ በፊት የፊተኛውን ፍሬን ይገጥማል፤ ወደ ሕዝብ መንገድ ከመውጣቱም በፊት የመንግሥትን ደንብ ይጠይቃል። በጂዳ ገደል ሕዝቡ ሴባስቶፖልን ወደ ኋላ በጠፍር ይዞ ያወረደው ይህንኑ ሕግ በጫንቃው ስላወቀ ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ታሪኮች ስናስተያይ ፍርዱ ግልጽ ነው። የጋፋት ሰዎች በችሎታም በድፍረትም አላነሱም፤ ምናልባትም ከምንም ተነሥተው 7 ቶን ናስ ማቅለጣቸው ከሚልዎኪዎቹ ወጣቶች ሥራ ይበልጣል። ልዩነቱ በአወራረሱ ላይ ነው። ትንሿ መኪና በየጓሮው ተሠራች፤ ተሰበረች፤ ተጠገነች፤ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ አለፈች። የጋፋቱ መድፍ ግን ከአምባ ላይ ወጥቶ በዚያው ቀረ።

ዛሬ በከተማችን በየመንገዱ ዳር ጎማ የሚለጥፈው፣ ብረት የሚበይደው፣ የባጃጅ ሞተር ፈትቶ የሚገጥመው ወጣት የጋፋት እውነተኛ ወራሽ ሊሆን ይችላል። የሚጎድለው ምናልባት ሒሳቡና ፊዚክሱ ነው፤ እኛ ተማሪዎች ደግሞ ሒሳቡና ፊዚክሱ እያለን የሚጎድለን የዳዶ መፍቻ መጨበጥ ነው። እጅ በዘይት መቈሸሹን እንደ ውርደት የምንቈጥር ከሆነ፣ ጋፋትን ያጠፋው ስድብ ገና ከልባችን አልወጣም ማለት ነው። የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ስናከብር ያስተማሩንን መምህራንና ያሳደጉንን ወላጆች በእውነት የምናመሰግነው፣ እውቀትንና እጅን ባንድነት ስናሠራ ነው። ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜ፣ ለተማሪዎቹም የሚሠራ እጅ እንመኛለን።