ወቄትና ካራት፤ የጌጥ ክብደትና ጥራት በጎጃም

ከሽንዲ እስከ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ባለው የምዕራብ ጎጃም ምድር፣ እንደ ሌላውም የኢትዮጵያ ክፍል፣ ወርቅ የሚመዘነው በወቄት ነበር። ስሙ ከዐረብኛ የተወረሰ ሲሆን መመዘኛው ግን ከኦስትሪያ የመጣው የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነው። ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ከሞተች በኋላም ያው ዓመት ሳይለወጥ እየተቀረጸበት የኖረው ይህ ገንዘብ 28.07 ግራም ይመዝናል። በሚዛኑ በአንዱ ወገን ብሩ፣ በሌላው ወርቁ ተቀምጦ እኩል ሲሆን፣ አንድ ወቄት ሞላ ይባላል። ብሩ በእጅ ብዛት ያለቀ እንደ ሆነ ግን ተጎጂው ወርቅ ገዢው ነው። ነጋዴው የንግሥቲቱን ጌጥ ነጠብጣብ ሳይቀር እየመረመረ የደበዘዘውን ብር የሚመልሰው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ወርቁ ከዓባይ ማዶ፣ ከወለጋና ከእናርያ በኩል ይመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ በጎጃም የቆየው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ ስለ ባሶ ገበያና ስለዚሁ ንግድ ጽፎ አልፏል።

ሚዛን ግን ክብደትን እንጂ ጥራትን አይናገርም። በአክሱም እንኳ ከዒዛና በኋላ የነገሡት ያሳተሙት የወርቅ ገንዘብ፣ ክብደቱ እምብዛም ሳይለወጥ ወርቅነቱ እየሳሳ መሄዱ በምርመራ ታውቋል። ንጉሥ ያደረገውን አንጥረኛ ማድረግ አይሳነውም። ባለጉዳዩ ለአንገት ጌጥ ወይም ለመስቀል ጠገራ ብሩን ቆጥሮ ይሰጣል፤ ሥራው ሲያልቅ መዝኖ ይረከባል። ከአንዱ ብር ውስጥ ንጹሑ ብር 23.39 ግራም ነው፤ የቀረው በአመዛኙ መዳብ ነው። አንጥረኛው ሁለት ግራም ብር አስቀርቶ በምትኩ መዳብ ቢጨምር ሚዛኑ ምንም አያውቅም። የአንጥረኛ ስም ራሱ ከማንጠር የወጣ ሆኖ ሳለ፣ ንብረቱን ለእጁ አምኖ የሚሰጠው ገበሬ በቡዳነት እየጠረጠረ ከማዕዱ ያርቀው ነበር፤ ይህ ፍርድ ከመዳቡ የከፋ ነው።

ጥራትን የሚገልጠው ጥቁሩ የመፈተኛ ድንጋይ ነው። ጌጡ በድንጋዩ ላይ ይፈተጋል፤ ከጎኑ ጥራቱ የታወቀ ወርቅ ይፈተጋል፤ አሲድ ሲነካው ርካሹ ማዕድን ይሟሟል፣ ወርቁ ይቀራል። ውጤቱ የሚነገረው በካራት ነው፤ ከ24 እጅ 18ቱ ወርቅ የሆነው ባለ 18 ካራት፣ ማለትም ከሺህ 750 ነው። ጠገራ ብርም በዚህ ስሌት ከ24 እጅ 20 እጁ ብር ነው። የአልማዝ ካራት ግን ስሙ ብቻ ነው የሚመሳሰለው፤ እ.ኤ.አ. በ1907 በዓለም አቀፍ ስምምነት 0.2 ግራም ተብሎ የተወሰነ ክብደት ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ገዢ ዛሬም አይጠፋም።

እ.ኤ.አ. በ1945 የወጣው የገንዘብ አዋጅ ጠገራ ብርን ከገበያ አስወጣ። ከዚያ በኋላ ብሩ በሴቶች አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ወይም በአንጥረኛው ማቅለጫ ውስጥ ቀረ። ከዚያ ማቅለጫ የወጣው አሮጌ ጌጥ ዛሬ ለሽያጭ ሲቀርብ፣ ከሺህ 833 እጅ ብር መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው በድንጋዩና በአሲዱ ነው።