ሰደድ እሳትና የቅጣት ሕግ በኢትዮጵያ

በ1992 ዓ.ም. በበጋው ማብቂያ በባሌና በቦረና ደኖች የተነሣው ሰደድ እሳት በአገሪቱ የደን ታሪክ ከታዩት ብርቱ ቃጠሎዎች አንዱ ነበር። ከ150 ሺህ ሄክታር በላይ የሚገመት መሬት ነደደ። የአካባቢው ገበሬ፣ ወታደሩና ከከተማ የዘመተው ተማሪ ለሳምንታት ታገሉት፤ ከውጭ አገርም የባለሙያ እርዳታ መጣ። በመጨረሻ ያዳፈነው ግን የበልግ ዝናብ ነው።

ከዚያ በፊት ሕግ አልነበረም ለማለት አይቻልም። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ቃጠሎን በወንጀልነት ደንግጓል። በ1957 ዓ.ም. ስለ መንግሥት፣ ስለ ግልና ስለ ጥብቅ ደኖች ሦስት አዋጆች ወጥተዋል፤ አዋጅ ቁጥር 192/1972 እና 94/1986ም ተከትለዋል። ከታላቁ ቃጠሎ ሰባት ዓመት በኋላ በወጣው አዋጅ ቁጥር 542/1999 ግን በደን ላይ እሳት በመልቀቅ ጉዳት ያደረሰ ሰው ከ10 እስከ 15 ዓመት እንዲታሰር ተወሰነ። በዚያው አዋጅ ከመንግሥት ደን ዛፍ የቆረጠ ሰው እስራት ከ1 እስከ 5 ዓመት ስለ ነበር፣ ሕግ አውጪው እሳትን ምን ያህል እንደ ፈራ ከዚህ ይታያል። ይህም አዋጅ በ1065/2010 ተተክቷል።

ይሁን እንጂ እሳት ለደገኛው ከጥንት ጀምሮ የሥራ መሣሪያ ነው። ማር ቆራጩ ንቡን በጭስ ያባርራል፤ የባሌ ከብት አርቢም ያረጀውን አስታ አቃጥሎ ለከብቱ ለምለም ግጦሽ ያወጣል። በቅርብ ዓመታት የተደረገ ጥናት እንዳመለከተው፣ ቀድሞ የተቃጠለው ቦታ ለአዲሱ እሳት መገቻ ስለሚሆን፣ ነባሩ አሠራር የራሱ ሥርዓት ነበረው። ፍጹም ክልከላ ሲመጣ ግን እሳቱን በግልጽ ለኩሶ የሚጠብቀው ሰው በስውር ለኩሶ ይሸሻል። ጠባቂ ያጣ እሳት ደግሞ ወደ ደኑ ይዘልቃል። ምስክር በሌለበት ዱር የተለኮሰውን እሳት ባለቤት ማግኘትም ለዓቃቤ ሕግ ቀላል አይደለም።

ስለዚህ የቅጣት መክበድ ብቻውን ደንን አያድንም። ደንን ለማጥፋት ሆን ብሎ እሳት የለቀቀውን፣ በቸልተኝነት ያመለጠበትንና በልማድ ግጦሹን የሚያቃጥለውን ለይቶ መመልከት ያስፈልጋል። ለመጀመሪያው ጽኑ እስራት ይገባዋል። ለመጨረሻው ግን ጊዜና ቦታው በሽማግሌዎችና በደን ባለሙያዎች ስምምነት የተወሰነ ፈቃድ ቢሰጠው፣ ዛሬ ተደብቆ የሚለኩስ እጅ ነገ ከሌሎች ጋር ሆኖ እሳት ጠባቂ ይሆናል።